ኢስታንቡል ላይ ቤተኛ ለመሆን

መጀመሪያ ኢስታንቡል የሄድኩት ከአክስቴ ልጅ ጋር ልብስ ለማምጣት ነበር። ላሌሊ በሚባል ሰፈር ሆቴል ይዘን ስድስት ቀን ቆየን። በስድስቱ ቀን ከአገሬው ሰው ጋር ያወራሁት ስለ ዋጋ፣ ስለ ልብስ ቁጥርና ስለ ካርጎ ብቻ ነው። ቤት ስገባ እናቴ «ሰዉስ እንዴት ነው?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰው በሚኖርበት ከተማ ውዬ አድሬ አንድ ሰው እንኳ ሳላውቅ ነው የመጣሁት።

ነገሩ ከነከነኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ፤ ሁለቱን ጊዜ ለሥራ ሳይሆን እንዲሁ ነው። አሁን ካዲኮይ በሚባለው ሰፈር «ጠፋሽ እኮ» ብለው የሚጽፉልኝ ሰዎች አሉ። ቋንቋቸውን አልችልም። የማውቀው ከሠላሳ ቃል አይበልጥም። ሰው ያገኘሁት ደንበኛ መሆን ትቼ ቤተኛ ስሆን ነው፤ የት እንደምትቀመጡ፣ ምን እንደምትሉ፣ ምን እንደምትጠነቀቁ ከዚህ በታች የጻፍኩላችሁ ሁሉ ከዚያች አንድ ነገር የመጣ ነው።

የምታድሩበት ሰፈር

ሱልጣን አህመት የሚባለውን የቱሪስት ሰፈር እዩ። አያ ሶፊያን ሳታዩ አትመለሱ። ግን እዚያ አትደሩ። እዚያ አካባቢ የምታገኙት ሰው ወይ እንደናንተ እንግዳ ነው፣ ወይ ለእንግዳ የሚሸጥ ነው፤ ሁለቱም ቁጭ ብሎ የሚያወራበት ጊዜ የለውም። ባሕሩን ተሻግራችሁ በእስያ በኩል ካዲኮይ ወይም ኡስኩዳር እደሩ። እዚያ ሰው ይኖራል። ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ጠዋት ዳቦ ይገዛል፣ ማክሰኞ ገበያ ይወጣል።

ለመሻገር ማርማራይ የሚባል ባቡር አለ። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከባሕሩ ሥር ነው የሚሄደው፤ በአውሮፓ በኩል ካለው ከሲርኬጂ ኡስኩዳር ለመድረስ አራት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። መርከቡ ግን ከኤሚኖኑ ካዲኮይ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ካልቸኮላችሁ በመርከቡ ሂዱ። ባቡሩ ውስጥ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ያያል። መርከቡ ላይ ሻይ ሻጩ ትሪውን ይዞ በሰው መሀል ይመላለሳል፣ ልጆች ሲሚት እየቆረሱ ለባሕር ወፎቹ ይወረውራሉ፣ ወፎቹም ከመርከቡ እኩል እየበረሩ በአየር ላይ ይቀልባሉ። ሲሚት ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ ነው። አንድ ግዙና እናትየውን በዓይን አስፈቅዳችሁ ግማሹን አጠገባችሁ ላለው ልጅ ስጡት። ከዚያ በኋላ እናትየዋ ራሷ ወሬ ትጀምራለች።

ሌላው ዶልሙሽ ነው። ቃሉ «የሞላ» እንደማለት ነው። ልክ እንደኛ ታክሲ። ግን ረዳት የለውም። ኋላ የተቀመጠው ሰው ሒሳቡን ከፊቱ ላለው ያቀብላል፣ እሱም ለቀጣዩ፣ እንዲህ እየተቀባበለ ሾፌሩ ጋ ይደርሳል። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። መሀል ላይ ተቀመጡ። የሁሉም ሰው ገንዘብ በእጃችሁ ያልፋል፤ እንግዳነታችሁ እዚያው ይለቃል።

አንድ ቦታ፣ አንድ ሰዓት

ዋናው ምክሬ ይሄ ነው። አንድ ሻይ ቤት ምረጡ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ሂዱ። ቢቻል ወንበሩም አይቀየር። አምስት ቀን ካላችሁ አምስት የተለያየ ካፌ ለማየት አትሩጡ። የመጀመሪያ ቀን ሻይ ይሰጧችኋል፣ በቃ። ሁለተኛው ቀን ያውቋችኋል። ሦስተኛው ቀን ሳታዝዙ ይመጣላችኋል፣ ከአጠገባችሁ ያለው ሰውም ከየት እንደመጣችሁ ይጠይቃል። እኔ ጋ ሁልጊዜ ሦስተኛው ቀን ላይ ነው ነገሩ የሚከፈተው። ስለዚህ ሁለት ቀን ብቻ ቆይታችሁ «ሰዎቹ ዝግ ናቸው» አትበሉ።

ቦታ ስትመርጡ ግን አስተውሉ። ወንዶች ብቻ ተቀምጠው ካርታና ታውላ የሚጫወቱባቸው ቡና ቤቶች አሉ፤ ሴት ከሆናችሁ እዚያ ምቾት አይኖራችሁም። ቤተሰብ የሚቀመጥባቸው፣ በአትክልት ሥፍራ ውስጥ ያሉ ሻይ ቤቶች ግን ለሁሉም ናቸው፤ ካዲኮይ ውስጥ ሞዳ በሚባለው ሰፈር ባሕሩን የሚያይ አንድ ትልቅ አለ። ሻዩ በወገቧ ቀጠን ባለች ትንሽ ብርጭቆ ነው የሚመጣው፣ ከነስኳሩ። ባዶ ስታደርጉት ሌላ ይመጣል፣ ከዚያም ሌላ። በቃኝ ለማለት ማንኪያዋን ብርጭቆዋ አፍ ላይ አጋድሙ።

የኔን ልንገራችሁ። ሞዳ አጠገብ ያለች ትንሽ ዳቦ ቤት ገባሁ። ሦስት ጠረጴዛ ነው ያላት። «ቻይ ቫር ም?» አልኩት ሻጩን፣ ሻይ አለ ወይ ማለት ነው። አገጩን ቀና አድርጎ፣ ሁለቱንም ቅንድቡን አንስቶ፣ በምላሱ «ጭ» አለኝ። እኛ አገር ቅንድብ ማንሳት «አዎ» ነው አይደል? ተቀመጥኩ። ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ። ለካ እዚያ ቅንድብ ሲነሳ «የለም» ነው።

ከአጠገቤ አንድ ሽማግሌ ሁሉንም አይተዋል። ምንም ሳይሉ ተነስተው ወጡ። ትንሽ ቆይተው ከማዶ ካለው ሻይ ቤት አንድ ልጅ አስከትለው መጡ። ልጁ በሦስት ዘንግ የተንጠለጠለ ክብ ትሪ እያወዛወዘ፣ ጠብ ሳያደርግ ሁለት ሻይ አመጣ። ሽማግሌው አንዱን ከፊቴ አደረጉና ማስተማር ጀመሩ። ቅንድባቸውን አነሱ፤ «ዮክ» አሉ። የለም። ራሳቸውን ወደታች ነቀነቁ፤ «ኤቬት» አሉ። አዎ። እኔ ደግሞ የኛን አሳየኋቸው፤ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «እህ»። ደነገጡ፣ ያመመኝ መሰላቸው። አዎ ማለት እንደሆነ ሲገባቸው እሳቸውም ሞከሩት። ሻጩም ሞከረው። ሻይ ያመጣው ልጅ ደግሞ ከሁሉም አሳመረው። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ሄድኩ። ነበሩ።

ቱርክ አገር «እፈልጋለሁ» ለማለት ቅንድባችሁን ካነሳችሁ ሻያችሁን አንስተው ይሄዳሉ። ራሳችሁን ወደታች ነቅንቁ።

ከመሄዳችሁ በፊት የምትይዟቸው ቃላት

«ሰላም» እና «አመሰግናለሁ» ማንም ቱሪስት ይላቸዋል። እናንተ ሌላ ቃል ያዙ። ከሁሉም የምወደው «ኮላይ ጌልሲን» ነው። ሥራ ላይ ላለ ሰው ነው የሚባለው። ለእኛ ቀላል ነው፤ «ይቅናህ» ማለት ነው። ጎዳና ለሚጠርገው፣ ዓሣ ለሚሸጠው፣ ባንክ መስኮት ውስጥ ለተቀመጠችው፣ በር ላይ ወጥታ ምንጣፍ ለምታራግፈው ሁሉ በሉት። ከውጭ አገር ሰው አፍ ሲሰሙት ሥራቸውን አቁመው ያዩአችኋል። ምግብ ለሠራ ሰው «ኤሊኒዜ ሳልክ» ነው፤ «እጅሽ ይባረክ» እንደምንለው። «ሆሽ ጌልዲኒዝ» ሲሏችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው፣ ዝም አትበሉ። መልሱ «ሆሽ ቡልዱክ» ነው።

አጠራሩም እንደኛው ነው። ጋሼ፣ እትዬ፣ እማማ ብሎ ያደገ ሰው አይቸገርም። በዕድሜ ከፍ ያለን ሰው በስም ብቻ አትጥሩ። ትልቅ ሰው ወንድ ከሆነ «አምጃ»፣ ሴት ከሆነች «ቴይዜ» ይባላሉ፤ አጎት፣ አክስት ማለት ነው። ትንሽ የሚበልጧችሁን ደግሞ ወንዱን «አቢ»፣ ሴቷን «አብላ» በሉ። እኔ ሽማግሌውን ሁለተኛው ቀን ላይ «አምጃ» ስላቸው ወንበር ሳቡልኝ።

ከዚያ «መምሌኬት ኔሬ?» የሚለውን ያዙ። አገርህ የት ነው ማለት ነው። እናንተን ይጠይቋችኋል፣ እናንተም መልሳችሁ ጠይቁ። ኢስታንቡል ውስጥ ካገኛችሁት ሰው ብዙው ወይ ራሱ ወይ ወላጆቹ ከክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው፣ አዲስ አበባ እንደሆነው ሁሉ። ከሲቫስ፣ ከትራብዞን፣ ከማላቲያ። የትውልድ ቦታውን የጠየቃችሁት ሰው ፊቱ ይበራል። የኔ አምጃ የሪዜ ሰው ናቸው። ሪዜ በጥቁር ባሕር ዳር ያለ የሻይ አገር ነው። ብርጭቋቸውን ከፍ አድርገው ለብርሃኑ እያሳዩ «ይሄ የኛ ነው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ቡናው የኛ ነው አልኳቸው። በዚህ አንድ ሰዓት አወራን፣ ግማሹን በእጅ።

ቃል ሲያልቅባችሁ አንድ ነገር ላሳያችሁ። ደብተር አውጡና የሁለታችንን ቃላት ጻፉ። እነሱ «ፊንጃን» ይላሉ፣ እኛ ፍንጃል። «ቻንታ» ሻንጣ ነው። «ዳኪካ» ደቂቃ፣ «ሳአት» ሰዓት፣ «ዴፍቴር» ደብተር፣ «ሳቡን» ሳሙና፣ «ሊሞን» ሎሚ። «ካሌም» እነሱ ጋ እስክሪብቶ ነው፣ እኛ ጋ ቀለም። ያንን መርከብ «ቫፑር» ነው የሚሉት፤ ቃሉ ከእንፋሎት የመጣ ነው፣ የኛ ባቡርም ዘሩ እዚያው ነው። ብዙዎቹ በዓረብኛ በኩል ወደ እኛም ወደ እነሱም የገቡ ናቸው። አንዱን ስታገኙ እነሱ ሌላ ይፈልጋሉ፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ዕቃ እያነሳ «ይሄስ?» ይላል። የስልክ ተርጓሚ ከምትጠቀሙ ይሄ ይሻላል። ተርጓሚው ለአስቸጋሪ ነገር ይሁን፤ ለአድራሻ፣ ለመድኃኒት።

ኢትዮጵያ ስትሉ

«ኢትዮጵያ» ብላችሁ ካልገባቸው «ሀበሺስታን» በሉ። የድሮ መጠሪያችን ነው። ሃይማኖት የያዘ ሰው ወዲያው «ቢላል ሀበሺ» ይላችኋል፣ ነጃሺንም ያነሳል። ይሄ ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ክርስቲያን ብትሆኑም በአክብሮት ስሙ። ስፖርት የሚወድ ደግሞ ኤልቫንን ያነሳል። ኤልቫን አቤይለገሴ እኛው አገር ተወልዳ ለቱርክ የሮጠች ናት፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በርገን ላይ የ5,000 ሜትር የዓለም ሪከርድ ሰብራለች።

አምጃ ግን «ኮሬ» ነው ያሉት። ኮሪያ። አባታቸው ዘማች ነበሩ። የቱርክ ብርጌድና የኛ ቃኘው ሻለቃ ሁለቱም ኮሪያ የደረሱት በ1943 ዓ.ም. ነው፤ እነሱ በጥቅምት፣ የኛዎቹ በሚያዝያ መጨረሻ። ስልኬን አውጥቼ አዲስ አበባ ያለውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት። ከኪሳቸውም ቦርሳ አውጥተው የአባታቸውን ፎቶ አሳዩኝ፣ ጠርዙ የተበላ፣ ኮፍያው ዘንበል ያለ ወጣት። ከመሄዳችሁ በፊት እንዲህ ያለ ፎቶ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። የቡና ሥነ ሥርዓት፣ እናታችሁ፣ ሰፈራችሁ፣ ገበያው። ላሊበላንም ጨምሩ፤ ግን ሰው ረጅም ጊዜ የሚያየው እናታችሁን ነው።

ደስ የማይል ነገርም ይገጥማል። ስለ ረሃብ የሚጠይቅ አለ። ጸጉራችሁን ሳያስፈቅድ የሚነካ፣ ጎዳና ላይ አቁሞ አብረን ፎቶ እንነሳ የሚል አለ። እኔ ለረሃቡ ጥያቄ ቁጣ አቁሜያለሁ፤ ተቀምጬ አስረዳለሁ፣ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ቴሌቪዥን ያሳየውን ነው። ጸጉሬን ሲነኩ ግን እጃቸውን አንስቼ «ዮክ» እላለሁ፣ ቅንድቤን አንስቼ። ይገባቸዋል።

ቤት ሲጠሯችሁ

አራተኛው ቀን ላይ አምጃ ሚስታቸውን ይዘው መጡ። ቴይዜ እጄን ይዘው ቤታችን ካልመጣሽ አሉ። የመጀመሪያውን ጥሪ በትህትና እንቢ በሉ፣ ሁለተኛውንም። ሦስተኛ ጊዜ ካሉ ከልብ ነው፣ ሂዱ። ባዶ እጅ አይኬድም፣ ይሄን ለኛ ሰው መንገር አያስፈልግም። ባቅላቫ ከጣፋጭ ቤት ያዙ። ከአገር ቤት ቡና ከያዛችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ። ጥሬ ቡና ግን አትስጡ፤ ቤት ውስጥ የሚቆላ ሰው ብዙ አታገኙም። ቆልታችሁ ውሰዱ። የነሱ አፈጫጨት እንደ ዱቄት የላመ ስለሆነ መፍጨቱን ለእነሱ ተዉላቸው። አንድ ፍንጃል ቡና አርባ ዓመት አይረሳም የሚል ተረት አላቸው፤ ስትሰጡ ያንን ራሳቸው ይነግሯችኋል።

ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ነጠላ ጫማ ይሰጧችኋል። ስትቀመጡ የሎሚ ሽታ ያለው ኮሎንያ ይዘው ይመጣሉ፤ ሁለት እጃችሁን እንደ ጽዋ አድርጋችሁ ተቀበሉና አሻሹት። ከዚያ ምግብ ይመጣል፣ አሁንም ይመጣል። እንደኛው «በሞቴ» ነው። ቀስ ብላችሁ ብሉ፣ ሳህኑ ባዶ ከሆነ ይሞላል።

ዝም ብላችሁ እንግዳ ሆናችሁ አትቀመጡ። ሥራ ጠይቁ። ቴይዜ የዚያን ዕለት ከጎረቤታቸው ጋር ሳርማ ይጠቀልሉ ነበር፣ የወይን ቅጠል በሩዝ። እኔም እጄን ታጠብኩና ተቀላቀልኩ። ቅጠሉ ለስላሳው ገጽ ወደ ታች፣ ሥር የበዛበት ወደ ላይ ይሆናል። አንጓው ይቆረጣል። ሩዙ በመስመር ቀጠን ተደርጎ ይቀመጣል፣ ጎንና ጎኑ ይታጠፋል፣ ከዚያ ይጠቀለላል። ውፍረቱ ከትንሽ ጣት መብለጥ የለበትም። የኔ የመጀመሪያዎቹ ወፈሩ፤ ቴይዜ ምንም ሳይሉ ፈትተው እንደገና አሳዩኝ። ቤታችን በርበሬ ስንቀነጥስ ትዝ አለኝ። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል፤ የሞተ ወንድም ይነሳል፣ ያላገባ ልጅ ይነሳል። ጎረቤትየዋ ስለ ባላቸው ነገሩኝ። ከቃሉ የገባኝ ከአሥር አንዱ ቢሆን ነው፣ ሲያለቅሱ ግን ገብቶኛል።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለሚናፍቃችሁ፣ ኩምካፒ ላይ የአርመን መንበረ ፓትርያርክ አለ። ከኛ ተዋሕዶ ጋር እኅትማማች ቤተ ክርስቲያን ናት። ቅዳሴው ባይገባችሁም ዕጣኑ ቤታችሁ ያደርሳችኋል፤ ከቅዳሴ በኋላም ከየት መጣችሁ የሚል ሰው አይጠፋም።

የምትጠነቀቁት

መንገድ ላይ ጫማ የሚጠርግ ሰው ብሩሹን ከፊታችሁ ይጥላል። አንስታችሁ ስትሰጡት «ላመስግናችሁ» ብሎ ጫማችሁን ይጠርግና ያልተገባ ሒሳብ ይጠይቃል። ብሩሹን እያሳያችሁት እለፉ። ታክሲም በሚባለው አደባባይ አካባቢ ደግሞ ማታ ላይ ብቻውን የሚሄድን ወንድ በጥሩ እንግሊዝኛ የሚጠጋ፣ «አንድ ቦታ አውቃለሁ፣ አንድ ነገር እንጠጣ» የሚል አለ። ሒሳቡ ሲመጣ የሚያስለቅስ ነው፣ በሩም ላይ ጉልበተኛ ይቆማል። የኛ ልጆች በዚህ ተበልተዋል። መለያው ቀላል ነው። ቦታውን ማን መረጠ? እናንተ ተቀምጣችሁበት ያገኛችሁ ሰውና እናንተን ወደሌላ ቦታ ሊወስድ የመጣ ሰው አንድ አይደሉም። ምንጣፍ ቤት ሻይ ቢጋብዟችሁ ጠጡ፣ ችግር የለውም፤ ግን ሊሸጡላችሁ መሆኑን እያወቃችሁ ጠጡ።

ስትመለሱ

ፎቶ ያነሳችሁትን ሰው በሳምንት ውስጥ ፎቶውን ላኩለት። ሲዘገይ ይረሳል። በዋትስአፕ በቂ ነው። ለባይራም፣ ማለትም ለኢድ፣ «ኢዪ ባይራምላር» ብላችሁ ጻፉ። አንድ መስመር ይበቃል። እኔ ከአምጃ ቤት ጋር ሦስት ዓመት የቆየሁት በዚህች መስመር ነው።

ልሄድ ስል ቴይዜ ማሰሮ ሙሉ ውሃ ይዘው እስከ መንገዱ ወረዱ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ታክሲው ሲንቀሳቀስ ውሃውን ከኋላችን አስፋልቱ ላይ ደፉት። «ሱ ጊቢ ጊት፣ ሱ ጊቢ ጌል» ይላሉ፤ እንደ ውሃ ሂጂ፣ እንደ ውሃ ተመለሺ። እናንተም ማሰሮ ይዘው ሲወርዱ ካያችሁ ሾፌሩን ቀስ በል በሉት፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጉና ውሃው እስኪፈስ ወደ ኋላ እዩ።